የዘገየ እርማት

እኔ ያነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ አንደበታቸው የተባ ነው። ገጣሚው፣ ጡረታ የወጣው ሻምበል፣ የዕፀዋት ተመራማሪው፣ ከእስር የተፈታችው መምህርት፣ ሁሉም የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር ይጨርሳሉ። አንዱም «እንጃ» አይልም፤ አንዱም የያዘውን ወሬ ጥሎ ወደ ሌላ አይሄድም። ሰሞኑን የድሮ መጽሔቶቼን አውጥቼ በተርታ ሳነባቸው አንድ ሰው ስሙን እየቀያየረ ሲናገር የሰማሁ መሰለኝ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ሥራውን የጀመርኩት ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ፣ መጽሔት እንደ አሸን በፈላበት ጊዜ ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲታመቅ የኖረ ወሬ በአንድ ጊዜ ገበያ ወጣ። የደርግ ባለሥልጣን፣ ከኢሕአፓ የተረፈ ጎልማሳ፣ የሰሜን ጦር መኮንን፣ መጽሐፉ ሳንሱር ቤት የቀረበት ደራሲ፣ ሁሉም የሚለው ነበረው። እኛ ደግሞ ካሴት መቅረጫና የባትሪ ድንጋይ ነበረን። ከዚያ ሌላ ብዙም አልነበረንም፤ ያስተማረን የለም፤ የምንቀዳው ከላይ ከተቀመጠው ባልደረባችን ነበር፣ እሱም ከሌላው።

ከካሴት ወደ ወረቀት መገልበጥ ላልሠራው ሰው ቀላል ይመስላል። ትጫናለህ፣ ታቆማለህ፣ ወደ ኋላ ትመልሳለህ፣ ያንኑ ሦስት ቃል ደግመህ ትሰማለህ። የአንድ ሰዓት ጨዋታ ሌሊቱን ይፈጀዋል። እጅ ሲዝል መጀመሪያ የሚዘለው «እ…» ነው። ቀጥሎ «ማለቴ» ይዘለላል። ቀጥሎ ሁለቴ የተባለው አንዴ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ነውር የለበትም፤ የሰው አፍ እንዳለ ቢታተም ተናጋሪውም አንባቢውም ያፍሩበታል። ነውሩ የሚጀምረው እጅ ይህን ከለመደ በኋላ ነው። ከ«እ…» ወደ «እንጃ»፣ ከ«ማለቴ» ወደ «ይህን እንኳ በእርግጥ አላውቅም» ይሻገራል። ሲሻገር ግን ሰውየው ራሱ አይታወቀውም፤ ያው ማሳጠር ያው ማስተካከል ይመስለዋል።

ለዛም እንወድ ነበር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን የመሰለ ተጫዋች ባለበት ከተማ የቃለ መጠይቅ ጋዜጠኛ መሆን ያበላሻል። የእሱን ወግ ለምዶ የመጣ ጆሮ ከሌላው ሁሉ ያንኑ ይጠብቃል። የሂሳብ መምህሩም፣ የጦር መኮንኑም፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙም እንደ ስብሐት ካልተጫወቱ ቃለ መጠይቁ የከሸፈ ይመስለናል። ሰውየው ካልተጫወተልን እኛው እንጫወትለታለን። ዋና አዘጋጃችን «አንባቢ ጥርጣሬ አይገዛም» ይል ነበር። በእሱ ላላሳብብ፤ እሱ ያለውን እኔ ከእሱ በፊት አምኜበት ነበር።

የዚያን ዘመን መጽሔት በሰፊው የሸጠ ጥያቄ የበዓሉ ግርማ ጉዳይ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እኛ ታዲያ የተፈታውን መኮንን ሁሉ ይህንኑ እንጠይቃለን። አንዱ እንዲህ ሆነ ይላል፤ ሌላው አይደለም እዚያ ነው ይላል፤ ሁለቱም በእኛ ገጽ ላይ እንዳየ ሰው ይናገራሉ። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም። የእርግጠኝነቱ ብዛት ራሱ ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር። አላጠራጠረንም፤ እትሙ አለቀ፣ አዟሪዎቹ ተጨማሪ ጠየቁ።

ደራሲ ሳነጋግር ግን ጠንቃቃ ነበርኩ። ፓሪስ ሪቪው የተባለው መጽሔት ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደራስያንን ሲያነጋግር የተገለበጠውን ጽሑፍ መልሶ ለባለቤቱ እንደሚሰጥ፣ ደራሲውም እየሰረዘና እየጨመረ እንደሚያሻሽለው አንብቤ ነበር። ደስ አለኝ፤ ቀዳሁት። ለገጣሚዎቼ ረቂቁን ይዤ እሄዳለሁ። ቡና እየጠጣን «ይህችን አውጣልኝ፣ ይህችን እንዲህ በልልኝ» ይሉኛል፤ እኔም እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ለሻምበሉ፣ ለነርሷ፣ ለሾፌሩ ግን አንድም ቀን ረቂቅ ይዤ አልሄድኩም። ለምን እንደሆነ ያኔ ብትጠይቁኝ «ጊዜ የለም» እላችሁ ነበር። ምክንያቱ ሌላ ነው። ገጣሚው ከከፋው በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ጋዜጣ ያብጠለጥለኛል። ሻምበሉ የት ሄዶ ያብጠለጥለኛል?

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከአንድ ተመራማሪ ነው። በባህል መድኃኒት ዕፀዋት ላይ የሚሠሩ፣ ሲናገሩ ቀስ የሚሉ ሰው ናቸው። ስለ አንድ ቅጠል ጠየቅኳቸው። «በአይጥ ላይ»፣ «በቤተ ሙከራ»፣ «ለጊዜው»፣ «መጠኑ ገና አልተለየም» እያሉ መለሱልኝ። ገለበጥኩት። ሳነበው የመንገድ ጉብታ የበዛበት ሆኖ ታየኝ። ጉብታዎቹን አነሣሁ። ርእሱን «መድኃኒቱ በደጃችን» አልኩት።

ከታተመ በኋላ ሰዎች ቢሮአቸው ድረስ እየሄዱ ቅጠሉን የት እንደሚገዙ ይጠይቋቸው ጀመር። ጠሩኝ። ሲቆጡ አላየሁም፤ ይልቅ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ አጫወቱኝ። አክሊሉ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ የብልሃርዝያን ነገር ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። በሽታውን ተሸክመው የሚኖሩት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድ እንደሚገድላቸው ገባው። ይህን ማየት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እንዶዱ ከብቱን፣ ሰውን እንደማይጎዳ፣ የትኛው ዝርያ እንደሚሻል፣ በምን ያህል ውሃ ምን ያህል እንደሚበቃ ማስመስከር ነበረበት። ለውጭ ተቋማት፣ ደግሞም ለሌሎች ቤተ ሙከራዎች። እሱና የሥራ ባልደረባው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲቀበሉ 1989 እ.ኤ.አ. ሆኗል፤ ሩብ ምዕተ ዓመት። «አየህ» አሉኝ ሰውየው፣ «አንተ ጥቂት ቃል የቆረጥክ ይመስልሃል። የኛ ሥራ እኮ እነዚያ ቃላት ናቸው። ቅጠሉንማ አያቴም ታውቀዋለች።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። እየወጣሁ ግን ምን አሰብኩ? «ሳይንቲስት ማካበድ ይወዳል።» ይህንንም ልናዘዝ፤ ያኔ ቢገባኝ ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ አይደርስም ነበር።

በነገራችን ላይ የሌላውን ጉድፍ ማየት አያቅተኝም ነበር። ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ የተባለው ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ ጃንሆይ ውድቀት ያወጣው መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ ስም አለው። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ የተደበቁ የግቢ ሰዎችን እንዳነጋገረ ይናገራል፤ ተናጋሪዎቹ በስማቸው መነሻ ፊደል ብቻ ተጠቅሰዋል። ግቢ ያደጉ አዛውንት ሲነበብላቸው ግራ ይጋባሉ። አሽከሩም፣ ሹሙም፣ በር ከፋቹም በአንድ ያሸበረቀ ቃና ይናገራሉ። የንጉሡ ትንሽ ውሻ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ስትሸና የሚጠርግ ሰው ነበረ ይላል፤ ጃንሆይ መጽሐፍ አያነቡም ይላል። እኔ በዚህ ሰው ላይ ረዥም ጽሑፍ ጻፍኩ። «ሰዎቻችንን በራሱ አፍ አናገራቸው» አልኩ። ጽሑፉ ተወደደልኝ። ከሻምበሉ ጋር ያደረግሁት ቃለ መጠይቅ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው።

ዓመቱ 1991 ነው። ከግንቦት 1990 ጀምሮ የባድመ ጦርነት ተነሥቶ ነበር። በ1983 እንደ ጨርቅ የተበተነው የቀድሞው ሠራዊት፣ ስምንት ዓመት «የደርግ ወታደር» እየተባለ ሲሸማቀቅ የኖረው፣ በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ። ከቀድሞዎቹ መኮንኖችና ባለሙያዎች ወደ ጦሩ የተጠሩ አሉ። ሬዲዮው ቀረርቶ ያሰማል። መጽሔቶችም የሰሜንን በረሃ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወጣን። እኔ ሻምበሉን አገኘሁ።

የዕቃ መጋዘን ጥበቃ ነበሩ። ያወራነው በቆርቆሮዋ የጥበቃ ቤታቸው ውስጥ ነው። ለዚያ ቀን ብለው ክራባት አስረው ጠበቁኝ። ምጽዋ ነበሩ፤ የካቲት 1982። ስለ ምጽዋ አንባቢ የሚያውቀው ከሁሉ በፊት የብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማን ፍጻሜ ነው፤ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን ማጥፋታቸውን። እኔም የሄድኩት በልቤ ለእሱ ነው። ሻምበሉ ግን ስለ ጄኔራሉ ብዙ የሚሉት አልነበራቸውም። እሳቸው የሚመለሱት ወደ ልጆቻቸው ነበር፤ ልጆቻቸው የሚሏቸው በሥራቸው የነበሩትን ወታደሮች ነው። ከምድር ወደ ጥዋለት ደሴት በሚያሻግረው መንገድ ላይ ስለነበረው ሌሊት ያወራሉ፣ ያቋርጣሉ፣ ክራባታቸውን ይነካካሉ፣ እንደገና ከሌላ ቦታ ይጀምራሉ። ስም ይጠራሉ፤ ስሙን ይጠራጠራሉ። እኔ መቅረጫዋን አያለሁ፤ ካሴቱ እያለቀ ነው።

በዚያ ዕድሜዬ ደፋር ጥያቄ እውነት ያወጣል ብዬ አምን ነበር። ጣሊያናዊቷ ኦሪያና ፋላቺ በ1972 እ.ኤ.አ. ጃንሆይን ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ስለ ሞት ጠይቃ ከፊታቸው እንዳስወጧት ጽፋለች፤ ያን ታሪክ በሙያው ያለን ሁሉ በቃላችን እናወራው ነበር። ንጉሥን መግፋት ድፍረት ነው። የመጋዘን ዘበኛ የሆነን ሻምበል መግፋት ምን እንደሚባል ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም።

ማታውን ገለበጥኩት። ሁለት ሰው ነበር፤ አንድ አደረግሁት። አንድ ጩኸት ነበር፣ ባለቤቱ ያልታወቀ፤ ባለቤት ሰጠሁት። ስም ነበር፣ «መሰለኝ» የተባለበት፤ «መሰለኝ»ን አውጥቼ ማዕረጉንም ቁርጥ አደረግሁት። ሲያልቅ አንብቤው ዐይኔ እንባ አቀረረ። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የራሴ ጽሑፍ አስለቅሶኛል፤ ሰውየው ሲናገሩ ግን ዐይኔ ደረቅ ነበር።

መጽሔቱ ሲወጣ አንድ ቅጂ ይዤላቸው ሄድኩ። ቆመው አነበቡት። አጠፉት። «ጥሩ አማርኛ ነው» አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ አመስግኜ ወጣሁ።

ወራት ካለፉ በኋላ አንዲት ሴት ቢሮ መጣች። መጽሔቱን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛዋለች። ጥቁር ለብሳለች። ልትከሰኝ የመጣች አይደለችም፤ ልታመሰግነኝ ነው። በሃምሳ አለቃነት የጠቀስኩት ልጅ ወንድሟ ነው፤ ስሙ ከነአባቱ ልክ ነው። ከ1982 ወዲህ መርዶ አልመጣም፤ ደብዳቤ አልመጣም። ተማርኳል ያላቸው ነበር፤ ሱዳን ታይቷል ያላቸውም ነበር። ቀይ መስቀል ሄደው ጠይቀዋል። ምርኮኛ በተመለሰ ቁጥር እናታቸው ሰው ይልኩ ነበር። ከዚያ የሰፈር ልጅ መጽሔቱን ይዞ መጣ።

«ቁርጣችንን አወቅን» አለችኝ። ድንኳን ተተከለ። ዕድሩ መጀመሪያ አንገራግሮ ነበር፤ አስከሬን የለ፣ የመንግሥት ደብዳቤ የለ። የዕድሩ ዳኛ መጽሔቱን ተቀብሎ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ «በቃ፣ ያየ ሰው መስክሯል» ብሎ ፈቀደ። ሰው ሦስት ቀን ተቀመጠ። ተዝካሩም ወጣ። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የት እንደወደቀ እናቷ ሊያውቁ ይፈልጋሉ፤ ከሻምበሉ ጋር አገናኛት ይሆን?

እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። የመጋዘኑን ሰፈር ነገርኳት። ከወጣች በኋላ ግን ሥራ መሥራት አቃተኝ። የዕድሩ ዳኛ መነጽር ከዐይኔ አልጠፋ አለ። እኔ ለሽያጭ ብዬ የፈተልኩት ዐረፍተ ነገር ምስክር ሆኖ ቆሟል።

በሳምንቱ ተመለሰች። ፊቷ ሌላ ነው። ሻምበሉ «ልጄ፣ እኔ ይመስለኛል ነው ያልኩት፤ ሁለት ነበሩ» ብለዋታል። ጩኸቱንም ስትጠይቃቸው ማን እንደጮኸ አላውቅም ብለዋል። «ሽማግሌ ናቸው፣ ረስተው ይሆናል» አለችኝ፤ ለእሳቸው እያዘነች ይሁን ለእኔ አልገባኝም። «ያኔ ሲነግሩዎት ግን በደንብ አስታውሰው ነበር፣ አይደል? ካሴቱን ቢያሰሙኝ…»

ካሴቱ እግሬ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። የሻምበሉ ስም በእኔ እጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል።

«ሌላ ሰው ተቀድቶበታል፣ እህቴ» አልኳት። «ካሴት ውድ ነው፤ እየደጋገምን ነው የምንቀዳበት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተነሣች። በሩ ላይ ዞር ብላ ስለ ጊዜዬ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ስለ መቁረጡ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሙያው ነው፣ ዘመኑ ነው፣ ጦርነት ነው። ስለዚህ ግን የምለው የለኝም። ውሸቱ አልታሰበበትም፣ ከአፌ አመለጠ ማለትም አልችልም፤ ስለ ካሴት ዋጋ የጨመርኩት ዝርዝር የሚዋሽ ሰው አሳምሮ የሚያውቀው ዝርዝር ነው። በዚያ ሌሊት ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ። እናትየው ዐርፈዋል፣ ለምን ይቀስቀሱ? ተዝካር የወጣለት ሰው እንዴት እንደገና ይጠበቃል? ምሕረት አደረግሁ ብዬ ተኛሁ። ምሕረት ብሎ ነገር የለም። ፈርቼ ነው። ካሴቱን ከሰማች የምትሰማው የሻምበሉን መጠራጠር ብቻ አይደለም፤ የእኔን ድምፅ ትሰማለች።

እናም ያች ሴት ማዘን የማትችል፣ መጠበቅም የማትችል ሆና ቀረች። ጥቁሯን ታውልቅ? ድንኳኑን ለዕድሩ ምን ብላ ታስረዳ? ከመጽሔቱ በፊት የነበራቸው ተስፋ ቢያንስ የራሳቸው ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ስቬትላና አሌክሲየቪች አነበብኩ። በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የተሰጣት ቤላሩሳዊት፤ ሥራዋ ሁሉ ከሰው አፍ የተሰበሰበ ነው። በአፍጋኒስታን ጦርነት ስለሞቱት፣ በታሸገ የዚንክ ሣጥን ወደ እናቶቻቸው ስለተመለሱት የሶቪየት ወታደሮች የጻፈችውን ይዘው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሚንስክ ላይ ከሰሷት። ከሳሾቹ ራሷ ያነጋገረቻቸው እናቶችና ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች ናቸው። ቃላችንን አጣመመችው አሉ። መጀመሪያ ሳነበው ለእሷ ወገንኩ፤ እናቶቹን የጦር ሹማምንት ገፋፍተዋቸው ይሆናል፣ ደራሲም ከቃል በላይ የሆነ እውነት ይፈልጋል፣ ወዘተ። የሙያ ወገንተኝነት ፈጣን ነው። ዛሬም የፍርድ ቤቱን ጉዳይ ለመዳኘት የምበቃ አይመስለኝም። ግን አንድ ነገር አደረገች። የችሎቱን ሰነድ፣ የከሳሾቿን ቃል ጭምር፣ በኋላ እትሞች ላይ ከዚያው መጽሐፍ ጋር አሳተመችው። የመጽሐፉ አንባቢ የእናትየዋን ክስም ያነባል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ካሴቱን ፈለግሁ። መሳቢያው ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤት ዞሯል፤ ካሴቱ ግን አለ። ክሩ ተጨማድዷል። ካሴት ወደ ስልክ የሚገለብጥ አንድ ወጣት አገኘሁ፤ ሠርግና የድሮ ዘፈን ነው የለመደው። ሲሠራ በጆሮ ማዳመጫው እየሰማ ነበር። ሲያስረክበኝ ዐይኔን አላየኝም፣ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ሻምበሉ ዐርፈዋል። የሞቱትም የባድመ ጦርነት ካለቀ በኋላ፣ እኔ ዳግመኛ ሳልጠይቃቸው ነው። ሴትየዋን ፈለግኋት። ሰፈሯ ለመልሶ ማልማት ፈርሷል፤ ነዋሪው ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፤ ዕድሩም አብሮ ፈርሷል ያለኝ ሰው አለ። እዚህ የምጽፈው ለዚያ ነው። እሷ ባታገኘው የእሷን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ያገኘው ይሆናል። ካሴቱ እጄ ላይ ነው፤ ለመጣ ቤተሰብ አሰማለሁ፣ ቅጂም እሰጣለሁ።

የልጁን ስም እዚህ አልደግመውም፤ አንዴ ያተምኩት ይበቃል። እርማቱ ይኸው ነው።

በ1991 በመጽሔቱ የታተመው፦

«ሃምሳ አለቃ … ከጎኔ ነበር። ዐይኔ እያየ ተመታ። ሲወድቅ እናቱን ጠራ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።»

በካሴቱ ላይ ያለው፦

«ሻምበል፦ አንዱ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። እ… ስሙ … መሰለኝ። ሃምሳ አለቃ ነው። ወይ ዐሥር አለቃ ነው። ሁለት ናቸው እነሱ፣ አይለያዩም ነበር። አንዱን ከሌላው… እስቲ ቆይ…

እኔ፦ እሱ ሲመታ እዚያው ነበሩ?

ሻምበል፦ እዚያው ማለት… ጨለማ ነው እኮ። ሰው ይጮኻል። አንዱ እናቱን ይጣራል። ማን እንደሆነ እንጃ። «እናቴ» ይበል «ኣደይ» ይበል፣ የኛ ይሁን የነሱ፣ ጆሮዬም በፍንዳታው ደንቁሮ ነበር።

እኔ፦ የተጣራው ግን እሱ ነው?

ሻምበል፦ አላልኩም።

እኔ፦ ከዚያ በኋላስ አይተውታል?

ሻምበል፦ አላየሁትም። ከዚያ በኋላ ያላየሁት ብዙ ነው። በጀልባ የወጣ አለ ይላሉ። የተማረከ አለ፣ እኔም ተማርኬያለሁ። ሲለቁን… ሲለቁን አላየሁትም።

እኔ፦ ስለዚህ ወድቋል ማለት ነው።

ሻምበል፦ ይሆናል።

እኔ፦ ወድቋል እንበል?

ሻምበል፦ ይመስለኛል። … እንግዲህ የምትጽፈው አንተ ነህ ልጄ።»

ቀጥሎ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው፤ ስለ ጄኔራሉ እጠይቃለሁ።